ጣርማ በር ላይ የሚበራ፣ ከተማ ሲገባ የሚጠፋ መብራት

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለ 1 ሊትር ቪትዝ አለኝ፣ በፈረንጅ የ2007 ሞዴል። በየ15 ቀኑ ለሥራ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ስወርድ ምንም የለም። ስመለስ ግን ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በርን ዳገት ስይዝ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። መኪናዋም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ከተማ ገብቼ ሦስት አራት ቀን ከነዳኋት መብራቱ በራሱ ይጠፋል። አንዱ ጋራዥ የባትሪ ገመድ ነቅሎ አጠፋልኝ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ተመልሶ መጣ። ሌላው ኮምፒውተር ሰክቶ ፒ0171 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ከፍታው ነው፣ ተወው ይሉኛል። ሴንሰሩን ልግዛ? እስከዚያስ ብነዳት ችግር አለው?»

ሴንሰሩን አይግዙ። ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ፒ0171 የተባለው የጥፋት ኮድ አይደለም። እግረ መንገድዎን የጣሏት «ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» የምትለዋ ናት። እሷን ይዘን እንሂድ።

መብራቱ በራሱ መጥፋቱ ብዙ ሰው ያታልላል፤ «ለቀቃት» ይባላል። አለቀቃትም። የመኪናዋ የራሷ ኮምፒውተር ለአብዛኛው ጥፋት የሚሠራበት ሕግ አለው። ጥፋቱን አንድ ጉዞ ላይ ሲያይ ማስታወሻ ይዞ ዝም ይላል። በሚቀጥለውም ጉዞ ከደገመው ያኔ ያበራዋል። ጉዞ ማለት ሞተሩ ተነስቶ፣ ሠርቶ፣ ሲጠፋ ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም። ከዚያ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ጥፋቱን ካላየው መብራቱን ያጠፋል። ኮዱን ግን አይረሳም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ተነስቶ እስኪሞቅ አንድ ተብሎ ይቆጠርና፣ ጥፋቱ ሳይመለስ 40 እስኪሞላ ድረስ ማህደሩ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የእርስዎ መኪና ከተማ ገብታ አልዳነችም። ዳገት ስላላገኘች ብቻ ነው ዝም ያለችው።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። መብራቱ ጣርማ በር ላይ ሲበራ ጥፋቱ በዚያች ጉዞ አልጀመረም ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ሳይበራ ተፈጥሮ ነበር።

ባትሪ መንቀል ከሁሉም የባሰው ነው። ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲይዝ ኮዱን ብቻ አይዝም። የዚያችን ቅጽበት ፎቶ አብሮ ያነሳል። ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞር ነበር፣ ውሃው ምን ያህል ሞቋል፣ ሞተሩ ላይ ምን ያህል ጫና ነበረበት፣ ሁሉም ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። አንዳንድ ስካነር፣ ማለትም ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ላይ «ፍሪዝ ፍሬም» ተብሎ ያገኙታል። መጥቶ ለሚሄድ ጥፋት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ባትሪው ሲነቀል ምስክሩ አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተማረው የቤንዚን ማስተካከያም ይጠፋል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ መኪና ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ቆማ ስትሠራ የምትንገጫገጨው። ኮድ ሳይጻፍ መብራት የሚያጠፋ ጋራዥ ሲያጋጥምዎ ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ።

ወደ ከፍታው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እዚህ አካባቢ ሃይማኖት ሆኗል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። እውነት ነው፣ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል። ጣርማ በር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጉልበት ያጣል፤ ሁላችንም በእግራችን እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ያለው መኪና የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳስቶ የገባ አየር ለሱ ዜና አይደለም። ደግሞም ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥፋቱ የከፍታ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ጠባሴ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡም ይበራ ነበር።

ኮዱም ቢሆን ጓደኞችዎን አይደግፍም። ከፍታን ያላስተካከለ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል። የድሮዎቹ ካርቡራቶር ያላቸው መኪናዎች ዳገቱን ሲወጡ ጥቁር ጭስ የሚያወጡት ለዚህ ነበር። ፒ0171 የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አነሰ ነው የሚለው።

እንግዲህ ኦክስጅን ሴንሰሩ ለምን ተጠረጠረ? «ቤንዚን አንሷል» የሚለውን ወሬ ያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ወሬ አምጪውን መቅጣት ነው ይሄ። ሴንሰሩ የጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ከቃጠሎ የተረፈ ኦክስጅን አለ ወይስ የለም ብቻ ነው የሚያየው። አሁን አንዱ ሲሊንደር ካንዴላው እሳት ሳይሰጥ ቀረ እንበል። ያ ሲሊንደር የሳበው አየር ሳይቃጠል፣ ኦክስጅኑን እንደያዘ ይወጣል። አብሮት የወጣውን ጥሬ ቤንዚን ሴንሰሩ አያይም። ኦክስጅኑን ያያል። «ኧረ ቤንዚን አነሰ!» ብሎ ይጮሃል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ቤንዚን ይጨምራል፣ አሁንም ኦክስጅን ይመጣል፣ እንደገና ይጨምራል። የመጨመሪያው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ፒ0171 ይጽፋል። ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው። አዲስ ቢገዙለትም ያንኑ ይናገራል። ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽ የሚመጡት ኮዶች ሌሎች ናቸው። ማሞቂያው ሲቃጠል ፒ0135፣ ሲዘገይ ፒ0133 ይላል።

ስለዚህ ያንን ጋራዥ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሌላ ኮድ አልነበረም ወይ? ብዙ ጊዜ ስካነሩ ላይ ሁለት ሦስት ኮድ ተደርድሮ እያለ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የሚዘጋ አለ። ፒ0300፣ ፒ0301፣ ፒ0302 ወይም ፒ0303 አብሮ ከነበረ ነገሩ አብቅቷል። እነዚህ «ሲሊንደር እሳት ሳተ» የሚሉ ኮዶች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ትነግርዎታለች። ፒ0300 ከሆነ አንድ ላይ ብቻ አልቆመም ማለት ነው።

የእኔ ጥርጣሬ ቦቢና ነው፤ ኮይልም ይሉታል። ካልሆነ ካንዴላ፣ ወይም ሁለቱም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

የእርስዎ ሞተር ባለ 3 ሲሊንደር ነው፤ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ቦቢና ተቀምጧል። ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ካንዴላው ጫፍ ላይ ያዘልለዋል። ሜዳ ላይ፣ ቤንዚን ብዙም ሳይረገጥ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ትንሽ ስለሆነ እሳቱ በቀላሉ ይዘላል። ዳገት ላይ ፔዳሉን ሲረግጡት ብዙ አየር ይገባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ለመዝለልም ብዙ ቮልት ይጠይቃል። ቦቢናው ጤነኛ ከሆነ ይሰጣል። ካንዴላው ላይ የሚገባው የቦቢናው ጎማ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን እሳቱ ከባዱን መንገድ ትቶ ቀላሉን ይመርጣል፤ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። ከሦስት አንዱ ሲያነክስ ደግሞ በደንብ ይሰማል። ባለ 6 ሲሊንደር መኪና ቢሆን ላያስተውሉት ሁሉ ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን የሲሶውን ጉልበት ነው የሚያጡት።

ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። በክረምት መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ደርሶ መብራት ያላበራ ሹፌር የለም። እርጥበት በተሰነጠቀ ጎማ ውስጥ ሲገባ ለእሳቱ መሸሻ መንገድ ያበጅለታል። «ከፍታው ነው» የሚሉት ጓደኞችዎ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ቦታው ያመጣዋል። በከፍታው ሳይሆን በዳገቱና በጉሙ ነው እንጂ።

ሲወርዱ ለምን ዝም ይላል? ማርሽ ላይ ሆነው ፔዳሉን ሲለቁ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ቃጠሎ ከሌለ የሚሳት እሳትም የለም። (በነገራችን ላይ ቁልቁለቱን ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ የሚወርዱ ከሆነ ይተዉት። በፎሌ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ይበላል፤ በማርሽ ግን ምንም አይበላም። ፍሬንዎም እስከ አርማንያ ድረስ ሲቃጠል አይሄድም።)

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ሞተሩን ላቫጆ አሳጥበውት ያውቃሉ? በግፊት ውሃ? እኔ ጋ ከሚመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ ላይ ቦቢናውን ስመዘው የማየው አንድ ዓይነት ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ግርጌ ላይ ቡናማ የዝገት ውሃ የደረቀበት ቀለበት አለ። የቦቢናው ጎማ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት የቀጠነች ነጣ ያለች መስመር አለች። ካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ጥቁር መስመር አለች። ያቺ መስመር የእሳቱ የእግር ዱካ ናት፣ በዚያ ነው የሸሸው። በጨርቅ ቢወለውሏትም አትጠፋም፤ ብትጠፋም ነገ ትመለሳለች።

ግን ገምቼ ዕቃ አላስገዛዎትም። እኔም እንደ ጋራዡ ልሆን ነው ማለት ነው። ማረጋገጫው ነፃ ነው፤ 10 ቁጥር ቁልፍ ብቻ ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ይቀዝቅዝ። በላዩ ያለውን የአየር ማጣሪያ ሣጥን ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ሦስቱን ቦቢናዎች በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉባቸው። ስካነሩ ያሳየው ፒ0302 ከሆነ የ2ኛውን ቦቢና ወደ 1፣ የ1ኛውን ወደ 2 ያዛውሩ። ካንዴላዎቹን አይንኩ። ኮዱን ጽፈው ይዘው ያጥፉትና ያንኑ ዳገት ይውጡ። አሁን ፒ0301 ከመጣ ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል፤ ሌባው ተያዘ። ፒ0302 ላይ ከቀረ ቦቢናው ነፃ ነው፤ ቀጥለው ካንዴላውን በዚያው ዘዴ ያዛውሩ። እሱም ካልተከተለ ቤንዚን ወደሚረጨው ኢንጄክተርና ወደ ሲሊንደሩ ግፊት እንሄዳለን። ያ ግን የቤት ሥራ አይደለም፤ የግፊት መለኪያ ያለው ሰው ይፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄ። ቦቢናውን ገመዱን ይዘው አይጎትቱ፤ የሶኬቱ ማያዣ በዕድሜና በሙቀት ስለደረቀ ቶሎ ይሰበራል። ተጭነው ለቀቅ ያድርጉት። የማጣሪያ ሣጥኑን ስትመልሱ ደግሞ ሁሉም ማያዣ ቦታው መግባቱን ይዩ። ሣጥኑ ተንጋዶ ከቀረ ያልተጣራ አቧራ ይገባል፤ የተነቀለች ቀጭን ቱቦ ከተረሳች ደግሞ አዲስ ጥፋት በእጃችሁ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ኮዱን በጊዜው ለመያዝ በስልክ የሚሠራ ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር ይግዙ፤ ከሴንሰሩ እጅግ ይረክሳል። መሰኪያው ከመሪው በታች ዳሽቦርዱ ሥር ነው፣ 16 ቀዳዳ አለው። ከመግዛትዎ በፊት መኪናዎ ላይ ሰክተው ይሞክሩት። ለጃፓን ገበያ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች ከርካሾቹ ጋር አይግባቡም። መብራቱ ዳገት ላይ ሲበራ ስልኩን የሚያየው አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ይሁን። በጣርማ በር ኩርባ ላይ አንድ ዓይን ስልክ ላይ አንድ ዓይን መንገድ ላይ አይሆንም። ብቻዎን ከሆኑ ከዋሻው በኋላ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፤ ኮዱ የትም አይሄድም። ያልበራም ቢሆን ያንብቡት። መብራት ያላበሩ፣ በመጠባበቅ ላይ ያሉ ኮዶች አሉ፤ «ፔንዲንግ» ይላቸዋል። ለእርስዎ ዓይነቱ ችግር እነሱ ወርቅ ናቸው።

ስካነሩ ላይ አንድ ሌላ ቁጥር አለ፤ «ፊውል ትሪም» ይላል፣ በመቶኛ። ኮምፒውተሩ ስንት ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ነው። ከዜሮ ወዲህና ወዲያ እስከ 10 ድረስ ብዙ አያስጨንቅም። ይሄ ቁጥር ሌላውን ተጠርጣሪ ይለይልናል። ቆማ ስትሠራ 20 ሆኖ፣ ጋዝ ሲሰጧት ወደ 5 ከወረደ አየር የሚሰርቅ ቱቦ አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የደረቀ ጎማ ቱቦን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። በተቃራኒው፣ ቆማ ስትሠራ ደህና ሆና ዳገት ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ ከሸሸ ቤንዚኑ በቂ አይደርስም። የተዳከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ ፊልትሮ ይሆናል። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ከጀሪካን የገዙበት ጊዜ ካለ ይሄኛውን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ከጀሪካን ቆሻሻና ውሃ ይመጣል፣ ውሃው ታንከሩ ሥር ይተኛል። የእርስዎ ዳገት ላይ የሚመጣ ስለሆነ የአየር ቱቦውን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ፤ ቦቢና፣ ቤንዚን፣ ቱቦ በዚህ ቅደም ተከተል።

ኢንተርኔት ላይ «የቤንዚን ታንከር ክዳን አጥብቅ» የሚል ምክር ያገኛሉ። ለአሜሪካ መኪና ልክ ነው። እዚያ መኪናው የቤንዚን ትነት እንዳያፈስ ራሱን እንዲፈትሽ ሕግ ያስገድዳል፣ ክዳን ከላላ መብራቱ ይበራል። እኛ አገር የገቡት የአውሮፓና የጃፓን ገበያ መኪናዎች ብዙዎቹ ይሄ ፍተሻ የላቸውም። ክዳኑን ማጥበቅ አይጎዳም፣ ግን ተስፋ አይጣሉበት።

ይሄን ሁሉ ሳወራ ጻድቅ መስዬ እንዳልታይ፣ እኔም የራሴን ገንዘብ በልቻለሁ። ኮሮላ ነበረችኝ። ጠዋት ጠዋት ከጫጫ ወደ ሸኖ ስሄድ ትበራለች፣ ሲሞቅ ትጠፋለች። ኮዱ የሴንሰር ነበር፣ በእውነት የሴንሰር። አንድ ገዛሁ። መለሰ። ዕቃው ፎርጂድ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ። መለሰ። በሦስተኛው ወር ሞተሩን አስነስቼ የሽቦውን ጥቅል በእጄ እየነካካሁ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ ደነገጠ። ፕላስቲኩን ገለጥኩ። አይጥ ነበረች። ደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ስለሆነ የሞቀ ሞተር ላይ መጥታ ትተኛለች፣ ስትነቃ ትቆረጥማለች። ሽቦው ውጪው ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ በሁለት ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ብርድ ሲሆን ይኮማተርና ይለያያል፣ ሲሞቅ ይነካካል። ሁለቱ ሴንሰሮች እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ቦቢናውን ለመንቀል ኮፈኑን ሲከፍቱ ሽቦዎቹንም ዳበስ ዳበስ ያድርጉ። የባትሪውን ማሳ፣ ማለትም ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ጥቁር ገመድ፣ ነቅነቅ አድርገው ይዩት። ባትሪው ራሱ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ማሳየት አለበት። ከዚያ ከራቀ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ቮልት ያነሰው ኮምፒውተር የሌለ ጥፋት ይፈጥራል።

መንዳቱን በተመለከተ። መብራቱ ቢጫ ሆኖ ሳይርገበገብ በርቶ፣ መኪናዋም ለስላሳ ከሆነች ከተማ ውስጥ ይንዷት። እየተንቀጠቀጠች ዳገት ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። እዚያ ካታሊስት የሚባል፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለ። ቤንዚኑ እሱ ውስጥ ይቃጠልና ሸክላውን ያቀልጠዋል። የቀለጠ ሸክላ ጭሱን ይዘጋል፣ ከዚያ መኪናዋ ሜዳ ላይም አትሄድም። በአንድ ቦቢና የተጀመረ ነገር በካታሊስት ያልቃል፤ የዋጋው ልዩነት ደግሞ ሰማይና ምድር ነው።

መብራቱ ከተርገበገበ፣ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ኮምፒውተሩ «ካታሊስቱን አሁን እያቃጠልከው ነው» ማለቱ ነው። ይሄ ሁለተኛ ጉዞ አይጠብቅም። ወዲያው እግርዎን ከፔዳሉ ቀለል ያድርጉ፣ ለመቆም ደህና ቦታ ሲያገኙ ይቁሙ። ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ላይ ግን አይቁሙ፤ በዚያን ሰዓት የመኪናው ሆድ እሳት ያስነሳል። ቀይ መብራት ከሆነ፣ የዘይት ወይም የሙቀት፣ ስለ ቼክ ኢንጂን ማውራታችን ቀርቷል፤ ሞተሩን ያጥፉ። የሚቀጥለው የሸዋ ሮቢት ጉዞ ደግሞ ይሄ ሳይጣራ ከደረሰ በአውቶብስ ይሂዱ። የግድ ከሆነ ሽንኩርትም ሰውም ሳይጭኑ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሳይረግጡ ይውጡ።

አንዳንድ ቦታ «አምፖሉን ልንቀልልህ» የሚል ይመጣል። ይሄን እንኳ አልመልስም። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን ይጠቅማል። ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አንድ ሰው ዝም አሰኝቶታል።

ቦቢናው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ የተበላሸውን አንዱን ብቻ ይቀይሩ፤ ሦስቱን ልቀይርልህ የሚልዎትን አይስሙ። ካንዴላዎቹን ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ፣ በአንድ ዕድሜ ነው የሚያረጁት። ዋጋው አጓጊ ሆኖ የቀረበ «ኦሪጅናል» ቦቢና ከምገዛ ከተፈታ መኪና የወጣ ትክክለኛ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ይሄ የእኔ ምርጫ ነው፣ የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉኝ። ኢሪዲየም ካንዴላ ከሆነ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፣ ክፍተቱንም በካቻቪቴ አያጣሙት። ሲያስሩት በእጅ ጀምረው ያስገቡት። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ካንዴላ ሊቀይሩ ሄደው ቴስታታ አውርደው ይመለሳሉ።

ከዚያ ኮዱን አጥፍተው ያንኑ መንገድ ይድገሙት። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሥር ዙር መዞር ምንም አያረጋግጥም። ሸዋ ሮቢት ይውረዱ፣ ሲመለሱ ደብረ ሲና ላይ ቆሎዎን እየገዙ ስካነሩን ይሰኩና ባዶ መሆኑን ይዩ። ዳገቱን ይውጡ። ዋሻውን ካለፉ በኋላ ቆመው ፔንዲንጉን ያንብቡ። በሁለተኛውም ጉዞ፣ በተለይ ጉም ባለበት ቀን፣ ንጹሕ ከሆነ ሥራው አልቋል። ካልሆነ የፍሪዝ ፍሬሙን ቁጥሮች ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን። የወለቀውን ቦቢና ደግሞ ለመጠባበቂያ ብለው ኮፈን ውስጥ አያስቀምጡት፣ ለጋራዡም አይተዉለት። አፉን በፒንሳ ሰብረው ይጣሉት፤ አለበለዚያ ታጥቦ፣ አዲስ ካርቶን ለብሶ የሌላ ሰው ቪትዝ ላይ ይገባል።